ደጅ ላይ ቆማችሁ «ኦዲ!» በሉ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ጌታ ይባርካችሁ። ብዙዎቻችሁ በዚህ ክረምት ለአጭር ጊዜ ሚሽን እንደምትሄዱ ሰምቻለሁ። አዘጋጆቹ ለነዚህ ልጆች አንድ ነገር ንገሪያቸው ሲሉኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። እኔ የሄድኩት ሁለቴ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ወደ አንድ ቦታ። ሰሜን ማላዊ፣ ምዚምባ አውራጃ ውስጥ ያለ አንድ ገጠር። ስለዚህ ስለ ዓለም ሁሉ አላወራም፤ ስለዚያ መንደር ነው የማወራው።

ምዚምባ ገጠር ውስጥ ሰው ወደ ሌላ ሰው ግቢ ሲመጣ ዝም ብሎ አይገባም። ጫፍ ላይ ይቆምና ድምፁን ዘለግ አድርጎ «ኦዲ!» ይላል። ከዚያ ይጠብቃል። መልስ ካልመጣ ደግሞ «ኦዲ!» ይላል፣ ደግሞ ይጠብቃል። ግባ ሲባል ነው የሚገባው። መጀመሪያ ስሰማው አያቴ ትዝ አለችኝ። እሷ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ አጥሩ ጋ ቆሞ «ቤቶች!» ነበር የሚለው። «ቤት ለእንግዳ!» ትላለች እሷ፣ የመጣው ማን እንደሆነ ገና ሳታይ።

እኛ ግን በመጀመሪያው ቀን ኦዲ የሚባል ቃል መኖሩንም አናውቅም። 11 ነን። ከመኪናው ወረድን፣ ካርቶኖቻችንን ተሸከምን፣ ስልኮቻችንን አውጥተን ቪዲዮ እየቀረጽን ቀጥ ብለን መጋቢው ግቢ ገባን። ባለቤቱ ደጅ ላይ ልጅ እያጠበች ነበር። ደነገጠች። ልጁን አንጠልጥላ ሮጣ ገባች፣ ቺቴንጄዋን አስተካክላ (ሴቶቹ ወገባቸው ላይ የሚያገለድሙት ጨርቅ ነው) ተመልሳ ወጣችና በርከክ ብላ አንድ በአንድ ጨበጠችን። ስትጨብጥ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ደግፋ ነው፣ ልክ እኛ ለታላቅ ሰው እንደምናደርገው። ምን እንዳጠፋን አንዳችንም አልገባንም። ማታ አስተርጓሚያችን ነው ለብቻዬ ጠርቶ የነገረኝ። «እህቴ፣ እዚህ ኦዲ ይባላል» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

እንዴት እንደሄድን ልንገራችሁ። ጊዜው ሐምሌ 2023 ነው፣ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። አንድ ሰው 3,200 ዶላር ያስፈልገው ነበር። ሜሪላንድ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ከዓርብ ማታ ጀምረው እየሠሩ እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ዶሮ ወጥና ሽሮ ሸጡልን። ፓርኪንግ የሚሠራ አንድ አባት የሳምንት ቲፑን በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ። ይህን የምነግራችሁ ገንዘቡ የማን ላብ እንደሆነ እንዳትረሱ ነው። ከዋሽንግተን ደላስ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሊሎንግዌ። ከዚያ ኤም ዋን በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን፣ የቪፊያን ደጋና ማለቂያ የሌለው የሚመስለውን የፈረንጅ ጥድ ደን አቋርጠን።

ስድስት ቅዳሜ ሠለጠንን። መዝሙር፣ ድራማ፣ የልጆች ትምህርት፣ የሦስት ደቂቃ ምስክርነት። ጥሩ ነበር። ግን ከስድስቱ ቅዳሜ አንዱ እንኳ «እዚያ ያሉት ሰዎች እነማን ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ አልተሰጠም። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ያሳተምነው ወረቀት ላይ «ወንጌል ላልደረሳቸው» የሚል ነበር። እውነት አይደለም። በ2018ቱ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከአራት ማላዊያን ሦስቱ ክርስቲያን ናቸው። ከ2020 እስከ 2025 ሀገሪቱን በፕሬዝዳንትነት የመሩት ላዛረስ ቻክዌራ ራሳቸው መጋቢ ናቸው፤ የማላዊን አሴምብሊስ ኦፍ ጎድ ቤተ ክርስቲያን ከ20 ዓመት በላይ መርተዋል። እኛ የሄድንበት መንደር አያቶቹም ክርስቲያን ነበሩ። በመጀመሪያው እሑድ መዝሙር ሲጀምሩ፣ ያለ ኦርጋን፣ ያለ ማይክ፣ በአራት ድምፅ፣ ቤቱ የተነሣ መሰለኝ። አብሮኝ የነበረው ልጅ ጆሮዬ ላይ «እኛ ምን ልናስተምር ነው የመጣነው?» አለኝ። በጉዞው ሁሉ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ጥሩው እሱ ነበር።

ታሪኩን ያነበብኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ቀድሜ ባነብ ኖሮ ብዙ ነገር ይገባኝ ነበር። የስኮትላንድ ሚስዮናውያን በ1875 ማላዊ ሐይቅ ደርሰው ኬፕ ማክሊር በሚባል ቦታ ሰፈሩ። ወባ ጨረሳቸው። ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዚያው መቃብር ቆፈሩ። ከዚያ ቡድን ሮበርት ሎውስ የሚባለው ሐኪም እስከ 1927 ቆየ፤ 52 ዓመት። የመጀመሪያው ሰው የተጠመቀው በ1881 ነው፣ አልበርት ናማላምቤ ይባላል። አስቡት፣ ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ሰው! በዚያው ዓመት ሚስዮናውያኑ ወደ ባንዳዌ ሲዛወሩ ኬፕ ማክሊር ቀርቶ ትምህርት ቤቱን የያዘው ይኸው ናማላምቤ ነው። እነሱ ሄዱ፣ እሱ ቆየ።

ሌላም ሰው አለ። ልቤን የነካው እሱ ነው። ዊልያም ኮዪ። ደቡብ አፍሪካዊ ኮሳ ነው፣ ላቭዴል ከሚባለው የሚስዮን ትምህርት ቤት በ1876 ከሦስት የሀገሩ ልጆች ጋር መጣ። አንዱ ጓደኛው በዓመቱ ሞተ። የኮዪ ቋንቋ እንጎኒ የሚባሉት ሕዝቦች ከሚናገሩት ጋር ስለሚቀራረብ ወደ እንጎኒዎቹ ሀገር ተላከ፤ ያ ሀገር የዛሬው ምዚምባ ነው፣ እኛ ካርቶናችንን ይዘን የገባንበት። የእንጎኒዎቹ ንጉሥ ምምቤልዋ ሚስዮናውያኑ ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ ቶሎ አልፈቀደላቸውም። ኮዪ ጠበቀ። ዓመታት ጠበቀ። በ1886 እዚያው ሞተ። ስለ ሚስዮን ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው የነጮቹን ስም ነው፤ አፍሪካዊ ለአፍሪካዊ ወንጌል ይዞ የሄደበትን ይህን ታሪክ ግን እኛ ሐበሾቹ ልናውቀው ይገባል። ደጅ ላይ ቆሞ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያ ሰው በሕይወቱ አሳይቷል።

አሁን ወደ ክሊኒኩ። እኔ ነርስ ነኝ፤ የሄድኩትም ለሕክምናው ክፍል ነው። በሦስት ቀን ከ400 በላይ ሰው አየን። ከሌሊቱ ጀምሮ ነው የሚሰለፉት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ በሐምሌ ብርድ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ጎጎ መጣች። ጎጎ ማለት አያት ማለት ነው፣ ለአሮጊቶች ሁሉ እንዲህ ይላሉ። ደም ግፊቷን ለካሁት። 196 በ112። ደግሜ ለካሁት፣ ያው ነው። ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔም ይጋረድብኛል ትላለች። ይዘነው ከመጣነው የግፊት መድኃኒት የ30 ቀን ቆጥሬ በላስቲክ አድርጌ ሰጠኋት። እጄን ሳመችኝ። ጸለይኩላት። ፎቶም ተነሣን።

በሦስተኛው ቀን ማታ ዕቃ ስናስገባ የአካባቢው የጤና ሠራተኛ መጣ። ማላዊ ውስጥ ኤችኤስኤ ይሏቸዋል፤ መንግሥት የቀጠራቸው ናቸው፣ እንደኛ ሀገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መንደር ለመንደር የሚዞሩ፣ ክትባት የሚሰጡ፣ ሽንት ቤት ተቆፈረ አልተቆፈረ የሚያዩ። ይህ ሰው ብስክሌት አለው፣ አንድ የተቀዳደደ ደብተርም አለው። ሦስቱንም ቀን ወረፋ ሲያስይዝልን ነበር የዋለው። «የጎጎን መድኃኒት ስም ጻፊልኝ» አለኝ። ጻፍኩለት። አየውና «በ31ኛው ቀን ማን ይሰጣታል?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም።

ሊወቅሰኝ አልነበረም። ደብተሩን ከፍቶ እስክሪብቶውን ይዞ መልስ ሊጽፍ እየጠበቀ ነበር። የእውነት አንድ ስም እሰጠዋለሁ ብሎ። ዝም ስል ደብተሩን ዘጋና «እሺ፣ እኔ እጠይቃለሁ» አለ። ልጆች፣ እኔ በሆስፒታል ውስጥ ብዙ ሌሊት አድሬያለሁ፣ ብዙ ከባድ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያች ሌሊት ግን እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም። ግፊት የአንድ ወር በሽታ አይደለም። ለአንድ ወር አውርደነው መድኃኒቱ ድንገት ሲቋረጥ ተመልሶ ይወጣል። ደግሞ የኛ መድኃኒት እዚያ ጤና ጣቢያ ካለው የተለየ ከሆነ የሚያስቀጥልላት ሰው ምን እንደወሰደች እንኳ አያውቅም።

ያቺ ጥያቄ ናት ዛሬ እዚህ ያቆመችኝ። ስትሄዱ የምትሠሩትን ማናቸውንም ነገር በሷ ለኩት። ክሊኒክም ይሁን፣ የልጆች ትምህርትም ይሁን፣ የውኃ ጉድጓድም ይሁን፣ እኛ መኪና ላይ ወጥተን በሄድን ማግስት ይህን ነገር የሚይዘው ሰው ማን ነው? ስሙን ታውቁታላችሁ? ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጠይቃችሁታል? ወይስ እናንተ ከመጣችሁ በኋላ ነው «እኔ እጠይቃለሁ» የሚለው?

ስለ ሕክምና እያወራሁ ስለሆነ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። የማላዊ የሕክምና ምክር ቤትም የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤትም ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ ጊዜያዊ ምዝገባ እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ወረቀቱ ጊዜ ይወስዳል፣ ወራት ቀድማችሁ ጀምሩ። «ለነፍስ ሥራ ነው የመጣነው» ብላችሁ አትዝለሉት፤ ሕጉ የወጣው ለዚያች ጎጎ ነው። የሜዲካል ትምህርት ገና ያልጀመራችሁ ተማሪዎች ደግሞ፣ እዚህ ሀገር እንድትነኩ የማይፈቀድላችሁን ሰው እዚያም አትንኩ። መርፌም ቢሆን፣ ጥርስም ቢሆን። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ መድኃኒት ልገሳ ከ1996 ጀምሮ መመሪያ አለው። ሀገር ውስጥ ሲገባ መጠቀሚያ ጊዜው ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው ይሁን ይላል፣ ለሰው ተሰጥቶ የተመለሰ መድኃኒት አይላክም ይላል። እኛ ጉዞው ሲቃረብ ቅዱሳን ከየቤታቸው መሳቢያ ያመጡትን ሁሉ ሻንጣ ውስጥ ከተትነው። በደግ ልብ ነበር። ግማሹን እዚያ ደርሰን ማቃጠል ነበረብን፣ የማቃጠሉም ጣጣ የወደቀው ጤና ጣቢያው ላይ ነው።

ስለ ምግብም መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም በኛ ባህል ይህ ትልቅ ነገር ነው። በየቀኑ ዶሮ ይታረድልን ነበር። ሲማ (የበቆሎ ገንፎ ማለት ነው፣ ደቡቦቹ ንሲማ ይሉታል) ከዶሮ ጋር። የእናቶች ማኅበሩ፣ ኡማንያኖ ይባላል፣ ያዘጋጃል። አራት ቀን በላን። በአምስተኛው ቀን ማለዳ ተነስቼ ወደ ጓሮ ስሄድ ሴቶቹ ለኛ መታጠቢያ ውኃ እያሞቁ አገኘኋቸው። ከእጅ ፓምፑ ቀድተው በራሳቸው ተሸክመው ነው ያመጡት፣ ለ11 ሰው፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምረው። እሳቱ ዳር የነሱ ልጆች ቁርስ ይበላሉ። ውኃ የበዛበት የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ዶሮዎቹስ የማን ናቸው ብዬ አስተርጓሚውን ጠየቅኩት። የየቤቱ፣ በተራ፣ አለኝ። አያቴ ለእንግዳ ያለቻትን አንዲት ዶሮ ስታርድ አይቻለሁና ነገሩን ለማወቅ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። እምቢ ብላችሁ አታሳፍሯቸው፤ መስጠታቸው ክብራቸው ነው። ግን ከመሄዳችሁ በፊት የምግቡን ወጪ በቤተ ክርስቲያኒቱ በኩል ላኩ፣ የሚበሉትን እንደምትበሉም ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ የሰውም ቁጥር ቀንሱ። 11 ሰው ለአንድ መንደር ሠርግ ነው። ሁለት ሳምንት የሚቆይ ሠርግ።

ፎቶውን ባጭሩ ልለፈው። የናንተን ልጅ ፎቶ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ሸሚዙ ተቀዶ፣ የማታውቁት ሰው ገጹ ላይ ቢለጥፈው ምን ይሰማችኋል? እንግዲህ እንደዚያ ነው። እናቱን ጠይቁ። ከረሜላ አትበትኑ፣ ልጆቹ ሲጋፉ ትንሹ ይረገጣል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሐይቁም ያምራል፣ ግን ቢልሃርዚያ አለበት፤ ከዋኛችሁ ስትመለሱ ለሐኪማችሁ ንገሩ። የወባ መከላከያችሁን ደግሞ ከተመለሳችሁም በኋላ እስከታዘዘላችሁ ቀን ድረስ ውሰዱ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ይከብደኛል። በአንደኛው ዓመት፣ ከመመለሳችን ሁለት ቀን በፊት ማታ፣ መጋቢው እሳት ዳር ተቀምጦ (አቡሳ ነው የሚሉት፣ መጋቢ ማለት ነው) ስለ ሀገሬ ጠየቀኝ። እነሱ እኛን «አሜሪካኖቹ» ነበር የሚሉን። ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ኢትዮጵያ ነው የተወለድኩት አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ወንድሞችሽ በዚህ ያልፋሉ» አለኝ።

ታውቃላችሁ የሚለውን። ከሀድያ፣ ከከምባታ፣ ከደቡቡ ሁሉ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱት ልጆች መንገዳቸው ማላዊ ነው። በጭነት መኪና ተደፍነው፣ በጫካ ተደብቀው። ጥቅምት 2022፣ እኛ ከመሄዳችን ዘጠኝ ወር በፊት፣ እዚያው ምዚምባ፣ ምታንጋታንጋ በሚባለው ደን ውስጥ ማር ፍለጋ የወጡ ሰዎች የጅምላ መቃብር አገኙ። 25 አስከሬን ወጣ፣ በኋላም ተጨመረ። ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀረ ፖሊስ ተናገረ። እኛ ያን ደን በመኪና እየዘመርን ነው ያለፍነው። ምን እንዳለፍን አናውቅም ነበር።

አቡሳ የነገረኝ ይህ ነው። አንዳንድ ሌሊት ልጆቹ ከጫካ ወጥተው መንደር ዳር ይደርሳሉ። ቋንቋ የላቸውም። ይፈራሉ። ሰውም ይፈራቸዋል፣ ፖሊስም አለ። የኡማንያኖ ሴቶች ግን ሲማ ሠርተው መንገድ ዳር ያስቀምጡላቸዋል። «አንዱ ቆሞ ሲጸልይ አየሁት» አለኝ፤ «ያኔ ወንድማችን እንደሆነ አወቅኩ።»

በነጋታው ሴቶቹ ሰምተው ኖሮ ሁሉም መጡ። ግቢው ጫፍ ላይ ቆመው «ኦዲ!» አሉ። ገቡና መሬት ተቀመጡ። ለነዚያ ልጆች እናቶች ሊጸልዩ ነው የመጡት። ለኛ እናቶች! እኔ ያን ሁሉ መንገድ ልረዳቸው መጥቼ፣ እነሱ ሲማቸውን ከልጆቻቸው ቀንሰው የሀገሬን ልጆች ሲያበሉ ኖረዋል፣ ማንም ሳይልካቸው፣ ማንም ሳያያቸው። አለቀስኩ። ከሀድያ የመጣ አንድ የኛ ቡድን ልጅ አለ፣ የአክስቱ ልጅ በዚያ መንገድ የሄደ። እሱን ማጽናናት አቃተን። አንዲት ጎጎ እንደ ልጇ አቅፋው ተቀመጠች። ቋንቋ አልፈለገችም።

ከዚያ በኋላ «እኛ ሰጪ፣ እነሱ ተቀባይ» የሚለው ሐሳብ እኔ ላይ አበቃ።

ደግሞ እኛ ወንጌላውያን ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የወላይታን ታሪክ ታውቃላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ከአያቶቻችሁ አፍ ሰምታችሁታል። የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሰዎች በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1937 ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። 48 ብቻ። መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው ሙሉ አልነበራቸውም። ሚስዮናውያኑ ልጆቻቸውን ጥለው እንደሚሄዱ ሆነው ነው የሄዱት። ጣሊያን አሳደደ፤ እንደ ዋንዳሮ ያሉት አገልጋዮች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። ስንቶቻችሁ ናችሁ የዚያ ፍሬ የልጅ ልጆች? እጃችሁን አውጡ እስቲ። [ከአዳራሹ ከግማሽ በላይ እጅ ወጣ።]

ይህን ስናነሣ ሚስዮናውያኑ ባይመጡ ይሻል ነበር ማለታችን አይደለም። ወንጌሉን ያመጡት እነሱ ናቸው፤ ዓመታት አብረው ኖረዋል፣ ቋንቋ ተምረዋል። ግን ሥራውን የያዘው ሰው መንደሩ ውስጥ ነበር። እኛ ከዚያ ቤት ወጥተን፣ አሜሪካ ገብተን፣ ሻንጣ ይዘን አፍሪካ ስንሄድ ያን ከረሳን ከሁሉም ሰው ይልቅ እኛ ላይ ያሳዝናል።

ስመለስ ለሽማግሌዎቻችን ሁሉንም ነገርኳቸው። የጎጎን ነገርም፣ የዶሮውንም፣ የመድኃኒቱንም። አንዳንዱ ቅር አለው፤ ለነገሩ ጥሩ ሪፖርት ነበር የሚጠበቀው። ከዚያ ለአቡሳ በዋትስአፕ አንድ ጥያቄ ላክን። በሚቀጥለው ዓመት እንምጣ ወይ? ከመጣንስ ምን ይዘን? መልሱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሴቶቹ መሰብሰብ ነበረባቸው፣ ሽማግሌዎቹም፣ የመንደሩም አለቃ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከኛ ወገን «ዝም አሉን እኮ፣ ትኬት ይወደዳል» የሚል አልጠፋም። እኔ ኦዲ ብለን ደጅ ላይ ቆመናል፣ እንጠብቅ አልኩ።

መልሱ መጣ። ኑ፣ ግን ጥቂት ሆናችሁ። ልብስ አታምጡ። ከጤና ጣቢያው ጋር የሚሠራ ነርስ እንፈልጋለን። እና ለኡማንያኖ የበቆሎ ገንዘብ። ይህን የመጨረሻውን ላብራራው። ምዚምባ በቆሎ የሚሰበሰበው በሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ያኔ ርካሽ ነው፣ ገበሬው ብር ስለሚቸግረው ይሸጣል። ጥርና የካቲት ላይ ጎተራው ባዶ ይሆናል፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ ያው ገበሬ የሸጠውን በውድ ይገዛል። የረሃቡ ወር እሱ ነው። ልብ በሉ፣ እኛ የምንሄደው በሐምሌ ነው፣ ጎተራው ሙሉ ሳለ፤ ስለዚህ ረሃቡን አይተነው አናውቅም። ሴቶቹ በመኸር ገዝተው፣ ነቀዝ እንዳይገባው አየር በማያስገባ ከረጢት አስቀምጠው፣ በጥር ለአባላት በትንሽ ጭማሪ ሊሸጡ አሰቡ። ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ የነሱ ነው።

ልንገራችሁ፣ ለዚያ ገንዘብ መሰብሰብ ከበደን። አንድ ወጣት ፊት ለፊት ቆሞ «ልሄድ ነው፣ እርዱኝ» ሲል ሰው ይሰጣል። ለበቆሎ ከረጢት ግን ኪሱ ይከብደዋል። በስተመጨረሻ 9,000 ዶላር ገደማ ተገኘ። በ2024 አራት ሰው ብቻ ሄድን። የክሊኒኩን ነገር ለጤና ጣቢያው ተውነው፤ እኔ እዚያ በነሱ ነርስ ሥር ሁለት ሳምንት ሠራሁ፣ በነሱ መድኃኒት፣ በነሱ ካርድ፣ ኤችኤስኤው እየመራኝ። ማንም አልተሰለፈልኝም። በቀን 20፣ 25 ሰው። ሴቶቹ የበቆሎውን መዝገብ አወጡልኝ፤ እያንዳንዱ ከረጢት ተጽፏል፣ ያልመለሱት ሦስት ሰዎች ስም ሳይቀር።

አንዲት እህት እያወራሁ ሳለ ማስታወሻ ላከችልኝ። «ታዲያ አንሂድ ነው የምትዪን?» ይላል። የኔ እህት፣ ሂዱ። እኔ ባልሄድ ኖሮ ስለ ወንድሞቼ መንገድም፣ ስለዚያች የአንድ ወር መድኃኒትም አላውቅም ነበር። ግን ጉዞው በብዛት የሚጠቅመው እናንተን ከሆነ፣ እንደዚያ ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ለሰጪዎቻችሁም፣ ለተቀባዮቻችሁም። መማር ነውር አይደለም። ልማር ነው የምመጣው ብሎ የመጣን እንግዳ ማንም አይጠላም። አንድ ቦታ ምረጡና ሦስት፣ አራት ዓመት ወደዚያው ተመለሱ። ከመሄዳችሁ በፊት ሃምሳ የቱምቡካ ቃል (የምዚምባ ሰዎች ቋንቋ ነው) አጥኑ፣ ወይ የምትሄዱበትን ሀገር ቋንቋ። ምስጋና «ዬዎ» ነው። በሱ ጀምሩ። «በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ» ደግሞ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ለልጅ አትንገሩ፤ ልጅ ይጠብቃል።

በ2024 በገባን በሦስተኛው ቀን ከኤችኤስኤው ጋር ወደ ጎጎ ቤት ሄድን። እሱ ብስክሌቱን እየገፋ፣ እኔ አጠገቡ። ግቢው ጫፍ ላይ ቆምኩ። «ኦዲ!» አልኩ። መልስ የለም። ዶሮዎች ብቻ። ደግሜ «ኦዲ!» አልኩ። ከጎረቤት አንዲት ልጅ ወጣችና ለሱ የሆነ ነገር ነገረችው። ሳቀ። «ዛሬ የካርድ ቀኗ ነው፣ ጤና ጣቢያ ሄዳለች» አለኝ። በእግሯ፣ ደርሶ መልስ ስምንት ኪሎ ሜትር። ካርዷን በኋላ አየሁት። አሥራ አንድ ወር ነበር፤ ዘጠኙ ተፈርሟል፣ ሁለቱ ባዶ ነው፣ በነዚያ ሁለት ወራት መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ላይ አልነበረም። እኛ ግን ያኔ ገና ካርዱን አላየነውም። የማንጎው ዛፍ ሥር ቁጭ አልንና እስክትመጣ ጠበቅናት።